የጡጦው ጓንት

ማዳም ለእህቷ ሠርግ ሕፃን ልጇን ይዛ ከቡረይዳ ወደ ሪያድ ስትመጣ እኔንም ይዛኝ መጣች። ያረፍነው ራውዳ በሚባል ሰፈር፣ ዕቃ በተሟላለት የኪራይ ቤት ነበር። የሰው ድስት ስላላመነች የራሷን አስይዛኛለች። ጡጦዎቹን በዚያ ቀቅዬ ንጹሕ ፎጣ ላይ ስደረድር የላስቲክ ጓንት ወረወረችልኝ።

«በባዶ እጅሽ እንዳትነኪያቸው!»

ደሜ ፈላ። የምትበላውን ሩዝ የሚሠራው ይኸው እጅ አይደለም እንዴ? ወይስ እጄንም አብሬ ልቀቅለው? ልጁን ልታይ የመጣችው የገዛ እናቷ ወለል ላይ የወደቀውን ጡጦ በዓባያዋ ጫፍ ጠርጋ ስታጠባው ግን ማዳም ትንፍሽ አላለችም።

ማታ ወደ ሠርጉ ስንሄድ፣ መኪና ውስጥ ልጁ ጡጦውን አልቀበል አለ። የጓንቱ ሽታ አስጠልቶት ፊቱን እያዞረ ያለቅሳል። ማዳም ለቅሶው ሲበረታባት፣ «ኸላስ፣ በቃ! አውልቂው፣ ያላ!» ብላ ራሷ ጓንቱን ከእጄ ላይ መንጭቃ አወጣችው። ልጁ አውራ ጣቴን ጨብጦ ወተቱን ጠጣና እቅፌ ውስጥ ተኛ።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ፣ ሰው ሳያየን በፊት፣ «አድርጊው» ብላ ጓንቱን መልሳ ሰጠችኝ።