የጋሽ ሙሜ ሚኒሞ

ባለፈው ሰሞን ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት አሮጌ መኪና ቆማ ስትንቀጠቀጥ፣ በደንብ ያልነደደ የቤንዚን ሽታ አካባቢውን ሞላው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ አለፈ። እኔ ግን ቆምኩ፤ መካኒኩ ጋሽ ሙሜ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

አባቴ ሲሞት የተረፈችን አሮጌዋ ሰማያዊ ታክሲው ነበረች። እናቴ ፋጡማ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ከአሰቦት ጭሮ ሰው ማመላለስ ጀመረች። እንጀራችን ያቺው መኪና ናት። ቆላ ላይ እንዳሻት ስትሮጥ ውላ፣ ዳገቱን ወጥታ ጭሮ መናኸሪያ ስትቆም ግን ድርግም ትላለች። ሾፌሮቹ ይስቃሉ። ተሳፋሪውም "የሴትዮዋ መኪና መንገድ ላይ ታስቀረናለች" እያለ ወደ ሌላው ይሄዳል። እናቴ መሪው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ሾፌሮቹ ለዚህ አንድ መላ ነበራቸው፦ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ፤ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥም፣ መኪናዋ እንደቆመች ሞተሩ እንዲጮህ መተው። ጋሽ ሙሜ ይህን ጩኸት አይወዱም። እናቴ መኪናዋን ብትወስድላቸው፣ ግሪስ የጠገበ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁና ካቻቪቴውን ለእናቴ ዘረጉላት።

"እኔ?" አለች ደንግጣ።

"ታዲያ አሰቦት በወረድሽ ቁጥር ተከትዬሽ ልውረድ? ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ደጋ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል። ቀንሺለት። ሱታ! ቀስ በይ እንጂ፣ ያ ፋጡማ!"

እናቴ ትንሿን ብሎን አጠበቀች፤ ሞተሩ ተንገዳገደ። ጥቂት መልሳ አላላችው፤ ንዝረቱ ጠፋ፣ ድምፁ ለሰለሰ።

"አልሀምዱሊላህ! አሁን እንዳትነኪው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ መኪናችን መናኸሪያ ቆማ አልጠፋችም። ተሳፋሪውም ይለምዳት ጀመር። እናቴ ሌላ ቀን ብትመጣባቸው ግን ጋሽ ሙሜ ጫታቸውን ይዘው ከምንጣፋቸው ንቅንቅ አይሉም፤ "እጅሽን ቤት ረስተሽ መጣሽ?" ይሏታል። ያኔ ሰነፍ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ጠግበን ያደግነው በዚያ ስንፍናቸው ነው፤ አላህ ጀነት ይስጣቸው።

ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው ሳይበተን፣ አንድ ሾፌር መኪናውን ለቅሶ ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጠበቀ። ድሮ እናቴ ላይ ከሚስቁት አንዱ ነው።

"ፋጡማ እህቴ" አላት አንገቱን ደፍቶ፣ "ከእንግዲህ ያለ አንቺ ማን አለን?"

እናቴ ዕንባዋን በሻሿ ጠርጋ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች።