በጭብጨባ የጸደቀ እንቅልፍ

እርጉዝ ሴት ብቻዋን አትተኛ ይባላል። ትተኛ። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ ብቻዬን እንዳልተኛ ብለው ጭራሽ እንዳልተኛ ያደረጉኝን ሴቶች እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልቀይርም።

ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። አንዴ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቁት መንገዱና መንግሥት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ፅንስ በሰባት ወሩ ስለወጣብኝ፣ ሁለተኛውን ስይዝ ሰፈሩ በሙሉ አብሮኝ አረገዘ ማለት ይቻላል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያበጠ እግሬን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ የቀረውን ጉድጓድ አየችና፣ «ግፊትሽ ጨምሯል። በጉልበቶችሽ መሀል ጋቢ አጣጥፈሽ በግራ ጎንሽ ተኚ። ቀንም አረፍ በይ። ቤትሽ ካልተኛሽ እዚህ አስተኛሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም» አለችኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም ያስፈራል።

ይህን የሰሙ ጎረቤቶቼ ተራ አወጡ። ባሏ የሌለ እርጉዝ ብቻዋን አታድርም፤ አንዳንድ ነገር የሚመጣው ያኔ ነው ይሉ ነበር። አንዳንድ ነገር ምን እንደሆነ ግን ስሙን የሚጠራ አልነበረም።

አልጋዬ ጠባብ ነው። ሽንት ስለሚያመላልሰኝ ዳሩን እኔ፣ የግድግዳውን ጥግ እንግዳዋ ያዝን። ነርሷ እንዳለችው በግራዬ ስዞር ጀርባዬ ለእንግዳዋ ሆነ። የመጀመሪያዋ ተረኛ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ጠና ያለች ሴት፣ «ምነው ልጄ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?» አለችኝ። ለትልቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም፤ ዞርኩ። ፊት ለፊት ተያይተን እስኪነጋ ስለ ምጧ አወራችኝ። ከእሷ በኋላ የመጡትም ሁሉ ስለ ምጣቸው አወሩ። የጋቢውን ቦታ የእንግዳ ጉልበት ወሰደው።

ቀን ደግሞ ጠያቂ አለ። አጥሚት ይዛ መጥታ «ተኝተሻል?» ብላ የምትቀሰቅስ አለች። ቀን መተኛት ልጁን አፋፍቶ ምጡን ያከብዳል የምትልም አልጠፋችም።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ እርጉዝም ሆነ አሮጊት መቅረት አይችልም። ግድግዳ የምንጋራው፣ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ፣ እኔ እትዬ የምላት የስልጤ ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት እድገት ማውራት ጀመረ። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ዝናብ አንድ ዓይነት ነበር። የሚነካኝ የለም፤ ስለ ምጥ የሚያወራ የለም። ቅቤ ቅቤ የሚለው የእትዬ ትከሻ ላይ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቁሞ ያየኝ ነበር።

«ጓድ፣ ስብሰባ ላይ ይተኛል?»

እትዬ ተነሳች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አላህ ይስጥህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያጣችውን ያገኘችው ባንተ ንግግር ነው። ቀጥል፣ አታቋርጥባት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ሊቆጣ ብሎ ሆዴን ሲያይ ተወው። «ቤቷ ለምን አልተኛችም?»

ከእንቅልፉ በቅጡ ያልነቃ ሰው ይሉኝታ የለውም። «እነሱ አያስተኙኝም!» አልኩ፣ ወደ ሴቶቹ እየጠቆምኩ።

«እኛ?» አለች የፋብሪካዋ ሴት፤ «የምናስተኛሽ እኛ አይደለን እንዴ!»

«አንቺማ የመንታዎችሽን ምጥ መቼ ጨረስሽላት!» አለች ሌላዋ።

«ያንቺ ማንኮራፋትስ?»

«እኔ አላንኮራፋም!»

«ሰፈር ይመስክራ!»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። ስለ እርግዝና ምንም አያውቅም፤ ጭቅጭቅ በውሳኔ እንደሚዘጋ ግን ያውቃል። «እስክትወልድ ብቻዋን ትተኛ። ከምሳ በኋላ በሯን ማንም እንዳያንኳኳ። የምትደግፉ?» እጅ ወጣ። ልማድ ነውና ተጨበጨበ። ያ ቀበሌ ለሰው የሚጠቅም ሌላ ውሳኔ ማሳለፉን አላስታውስም።

ከእትዬ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። በሬ ላይ ስንደርስ፣ «በሰው ፊት ከምታሳጪን ለኔ በጆሮዬ ብትነግሪኝስ?» አለችኝ።

«ትቀየማላችሁ ብዬ ነው።»

«ልጁ ቢቀየምሽስ?»

በሬን ከፈትኩ። «ግቢና ተኚ» አለች። «ሌሊት የሆነ ነገር ከተሰማሽ ግድግዳውን ምቺው። እኔ ቶሎ ነው የምነቃው።»

ከዚያ ወዲህ ገበያ በማትወጣባቸው ቀናት ከምሳ በኋላ በርጩማዋን አውጥታ ደጃፌ ላይ ትቀመጥ ነበር። እኔ በግራ ጎኔ፣ ጋቢዬን በጉልበቶቼ መሀል ይዤ፣ እሰማታለሁ።

«ተኝታለች።»

«እንዲያው ዓይኗን አይቼ ልመለስ።»

«አይቻልም፤ ውሳኔ ነው።»

«ይኼ አጥሚትስ?»

«እሱን ለኔ ስጪኝ።»

የእግሬ እብጠት ጎደለ። ልጄ በጊዜዋ፣ ሰፈሩን በሚያውክ ጩኸት ተወለደች። በአጥሚቱ የፋፋችው ግን እትዬ ነበረች።

ያቺ ልጅ ዘንድሮ አርግዛለች። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የእርጉዝ ትራስ አላት፤ ስልኳ እንቅልፏን ይቆጥርላታል፤ በሯን የሚያንኳኳ አንድ ጎረቤት የላትም። አትተኛም። ያኔ እኔን ያስተኛኝ ጋቢው ይሁን ከበሩ ውጭ ያለው ክርክር እስካሁን አልለየሁም። የዚያ ደጃፍ ድምፅ ግን ይናፍቀኛል።

እናንተም እርጉዝ ጎረቤት ካለቻችሁ ሂዱ። በሯ ላይ ሰው ካለ የያዛችሁትን ሰጥታችሁ ተመለሱ። ሰው ከሌለ በርጩማ አምጥታችሁ እዚያው ተቀመጡ። አታንኳኩ።