ባለመሬቱ የማይበላው

የቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ እስር ክፍል የገባሁት ከጠራራ ፀሐይ ስለነበር ለጊዜው ምንም አልታየኝም። ሽታው ግን ወዲያው ደረሰኝ፤ እርጥብ አፈር፣ ላብ፣ ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ቆጮ።

«ወደዚህ ና፤ እዚህ ጋ ግድግዳው ደረቅ ነው» አለኝ አንድ ድምፅ።

ባለድምፁ የመስቃን ገበሬ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ለባለመሬቱ የእህል ድርሻ አላስረክብም ብሎ የታሰረ። እኔ ወሎ ተወልጄ ቡታጅራ የተመደብኩ አስተማሪ ነበርኩ። ወንጀሌ ለተማሪዎቼ «ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ እያለቀ ነው» ማለቴ ነው። የጣቢያው አስር አለቃ ሲያስረኝ «ነገ ሰንደቅ ሲሰቀል ተማሪዎቹ ፊት ዋሽቼ ነው በልና ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎኛል። መውጣት በጣም እፈልግ ነበር። የእናቴን ወሬ ከሰማሁ ክረምቱም በጋውም አልፏል፤ እኔው ሄጄ ካላየሁ በሕይወት መኖሯን የሚነግረኝ አልነበረም።

ይህን ስነግረው ገበሬው ከማዘኑ በፊት ግራ ገባው።

«ዳኛው የመጣው ከሰሜን። አስር አለቃውም ከዚያው። የባለመሬቱ አያትም ከዚያ። አንተም። ወላሂ፣ እኛ አገራችሁ ጠግቦ የተረፈውን ሰው የሚልክብን ይመስለን ነበር።»

ሳልወድ ሳቅሁ። እኔም ስለ እነሱ የማስበው ከዚህ አይሻልም ነበር። ከከተማው ትንሽ ራቅ ካሉ ሐኪም ቤት የለ፣ ትምህርት ቤት የለ፤ ከዚህ የባሰ ድሃ አገር የት አለ እል ነበር። ግን እዚያ በረሃብ የወደቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ነገሩ ሁለታችንንም ገረመን።

ሚስቱ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችለትን ቆጮ እየፈታ ጠየቀኝ።

«እኛ ጋ ባለመሬቱ ጤፉንም በርበሬውንም ይወስዳል። እንሰቱን ግን አይነካም፤ ቆጮ ይሸተኛል ይላል። እሱ በተጸየፈው እኛ እናድራለን። እናንተ ጋ ባለመሬቱ የማይበላው ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ፍየል፣ ማር።

«ሁሉንም ይበላል።»

«ታዲያ በምን ትተርፋላችሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

ቢስሚላህ ብሎ ቆጮውን ሦስት ቦታ ቆረሰው። ሁለት ነን። ሦስተኛውን መልሶ ጠቀለለና አጠገቤ አኖረው።

«የእናትህ ነው። እኛ ቤት ለራቀ ሰው ድርሻው ሳይነሣ አይበላም።»

እንባዬ መጣ። እሱም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት አስር አለቃው ትምህርት ቤቱ ግቢ ወስዶ አቆመኝ። ሰንደቁ ወጣ፤ ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ። ጥቅልሏ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበረች።

«እናቴ ወሎ ናት» አልኩ። «ጠግባለች ብዬ አልመሰክርባትም።»

በመጣሁበት መንገድ መለሱኝ። ገበሬው ደረቁን ግድግዳ ለቀቀልኝ።

ንጉሡ ወርደው ስፈታ ወሎ ሄድኩ። እናቴን በሕይወት አልደረስኩባትም። ከተረፉት የሰፈራችን ሰዎች አንድ ሽማግሌ አግኝቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ የምለው ቢጠፋኝ የገበሬውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። እዚህ ባለመሬቱ የማይበላው ምን ነበር?

ሜዳውን አዩት።

«ድንጋይ» አሉኝ።

አሁን አርጅቻለሁ። ቆጮ ስንቆርስ አንዱን ሁልጊዜ አነሣለሁ። የልጅ ልጆቼ የማን ነው ሲሉኝ፣ የራቀ ሰው ድርሻ ነው እላቸዋለሁ።