ጫልቱ ያጎረሰቻቸው ጩኮ

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ከፈቀዳችሁልኝ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር። ደክሞኛልና ወንበሩን ተደግፌ ብናገር አትቀየሙኝ። ስሙ ይባረክ!

ባሌ ሲሞት እናቱ በእጄ ቀሩ። አዮ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ረሱ፤ ኋላ ቤቱም ጠፋባቸው። «ወደ አገሬ ቢላ፣ አባቴ ቤት ልሂድ» እያሉ በር ይደበድባሉ። አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ይቺ ሴት ታስርበኛለች» ይላሉ። የባኬ ጃማ ሰው ሁሉ አመናቸው። እዚህ ከተቀመጣችሁትም ያመናችሁ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ይሁን። ጌታ ይመስገን!

የባሌ እህት ጫልቱ «ወንድሜን ቀበርሽ፤ አሁን ደግሞ እናቴን? ሽማግሌ ሰብስቤ ከዚህ ቤት አስወጣሻለሁ» አለችኝ።

አዮን የሚስዮኑ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መረመራቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ? ሌሊት እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

ወገኖቼ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ።

«በሽታው አእምሯቸው ላይ ነው፤ መድኃኒት የለኝም። አንቺን ግን ብቻሽን አልተውሽም። ልጃቸውን ጥሪልኝ» አለ።

ጫልቱ የገብስ ጩኮ በቅቤ ለውሳ መጣች፤ እናቷ በእኔ እጅ መራባቸውን ልታሳይ። እዚያው ሐኪሙ ፊት አጎረሰቻቸው። እስኪጠግቡ በሉ። ሐኪሙ ስለ ቢላ ጥቂት አጫወታቸውና «አዮ፣ ምሳ በሉ?» አላቸው።

«የምን ምሳ!» አሉ፤ ቅቤው ገና ከከንፈራቸው አልደረቀም። ጣታቸውን ወደ ጫልቱ ቀሰሩ። «ይቺ ሴትዮ ራሷ እየበላች እኔን ታስርበኛለች!»

ሃሌሉያ! ጫልቱ «አሁን አጎረስኳቸው እኮ!» ብላ ባዶውን ዕቃ ለሐኪሙ አሳየች። ሐኪሙ አልሳቀባትም፤ እኔም ቢያምረኝም አልሳቅሁም።

«አትከራከሯቸው» አለን። «ሳምንቱን ተራ በተራ ለመጠበቅ ተካፈሉት።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ በየወሩ ነይ፤ እሳቸውን ትተን አንቺን እናያለን።»

ስወጣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተንበረከክሁ። እስከዚያ ቀን ስጸልይ የምጠራው የባሌን አምላክ ነበር። ያን ቀን «አምላኬ» አልኩት። አይቶኛላ!

አዮ አልዳኑም። ትናንትም «ሌባ» ብለውኛል። ጫልቱ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ አልጠብቅምም። ግን ቦታዋን እዩት፣ ባዶ ነው። ዛሬ ተራዋ ነው፤ «ታስርበኛለች» እየተባለች አዮን ታጎርሳለች። ክብር ለስሙ!

በሽተኛ ይዛችሁ የደከማችሁ፣ በእርሱ ታመኑ፤ ያያችኋል። እኔ ልቀመጥ። ሌላ ጊዜ ለአዮ ስል በመሃል እወጣ ነበር፤ ዛሬ የመጨረሻውን መዝሙር ሳልሰማ አልሄድም።