የየትኛው መንግሥት ቁስል

አባቴ ገላው ውስጥ ሁለት ፍንጣሪ ይዞ ኖረ። አንዱ የምሥራቁ ጦርነት ትዝታ ነው፣ ዳሌው ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ በሰሜን ድንበር ትከሻው ውስጥ ገባ። የመጀመሪያውን ያተረፈው የወደቀውን መንግሥት ሲያገለግል ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ያንን መንግሥት የጣሉትን ሲያገለግል። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ጋምቤላ ላይ ግን የሚበርድ ነገር የለም።

አባቴ የደጋ ሰው ነው፤ የእግረኛ ጦር መኮንን ነበር። በምሥራቁ ጦርነት መቶ አለቃ ሳለ አንድ ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ኮረብታው ላይ መትረየስ ተጠምዷል፣ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ትእዛዙ የደረሰው በጠራራ ፀሐይ። ሬዲዮ ተሸክሞ ከጎኑ የማይለየው ወታደር የጋምቤላ አኙዋክ ነበር። አባቴ ሜዳውን በመነጽር ሲያይ ቆየና “ዝጋው” አለው። ሬዲዮው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ አዛዡ ቢጮህም ቢሳደብም የሚሰማው አልነበረም። ጀምበር እስክትጠልቅ ጠበቁ፤ በጨለማ ዞረው በጀርባ በኩል ወጡና ኮረብታውን ያዙ። አባቴ ዳሌውን የተመታው እዚያ ነው። ወታደሮቹ ግን አብዛኞቹ በእግራቸው ወረዱ።

በማግስቱ አዛዡ መጣ። ያን ጊዜ ትእዛዝ የጣሰ መኮንን በገዛ ወታደሮቹ ፊት ይረሸን ነበር። አዛዡ ባለ ሬዲዮውን ለብቻው ጠርቶ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጠየቀው። የሰውዬው አማርኛ ገና አልተፍታታም ነበር። “ሬዲዮ ሞተ፣ ጌታዬ” አለ። ቢያስፈራሩት፣ ቢያባብሉት፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። ኮረብታው ደግሞ ተይዟል፤ የያዘውን ሰው መረሸን አይመችም። ስለዚህ አባቴን ሸለሙት። የሻምበልነት ማዕረግ ጨመሩለት፣ ደረቱ ላይ ሜዳይ አንጠለጠሉለት። አባቴ ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። እሱን ከመረሸን ያዳነው ጀግንነቱ ሳይሆን የዚህ ሰው አማርኛ አለመቻሉ ነው ይላል።

መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። አባቴ ከሌሎች መኮንኖች ጋር ካምፕ ተቀምጦ ስለ ጥፋቱ ሲማር ከረመ። ሲፈታ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ፤ ዘመዶቹ ግን ፈሩት። በቀን ሰላም የማይሉት በጓሮ በኩል እህል ይልኩለት ጀመር። ይህን ሲያይ እናቴን፣ ወንድሜንና እኔን ይዞ በጭነት መኪና ወደ ጋምቤላ ወረደ። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ያ ባለ ሬዲዮ። ባሮ ዳር ካለው ግቢው አንዷን ጎጆ ለቀቀልን። ጎረቤቶቹ ይህ ደገኛ ማነው ብለው ሲጠይቁት ወንድሜ ነው አላቸው፣ በቃ።

አባቴ ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ዝናብ ይወርዳል፣ የኃላፊው መኪና በሩ ላይ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። አባቴ እያነከሰ እስኪደርስ ትንሽ ዘገየ። ኃላፊው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የደርግ ትርፍራፊ አለው፤ ከጦር ሜዳ የሮጥክበትን እግር እዚህም አምጣው አለው። ኃላፊው በዕድሜ ልጁ ይሆናል። አባቴ በሩን ከፈተ፣ “እሺ ጌታዬ” አለ፣ መልሶ ዘጋ። የያዝኩትን የምሳ ዕቃ ጭቃው ላይ ጥዬ አለቀስኩ። እሱ ዕቃውን አንስቶ ጠራረገና፣ በር መክፈት የእሱ ሥራ ከሆነ፣ መሳደብ የሌላው ሥራ ከሆነ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጠየቀኝ።  

የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ትርፍራፊው ተፈለገ። ያው መሥሪያ ቤት፣ ያው ኃላፊ፣ አሁን ግን “ሻምበል” እያለ፣ ልምድ ያላቸውን መኮንኖች አገር እየጠራቻቸው ነው ብሎ መጣ። እናቴ አባቴ እግር ላይ ወደቀች። እኔ ያኔ ኮረዳ ነኝ፤ እናቴን ከማጽናናት ይልቅ እሱ ላይ ጮህኩበት። ሰድበውሃል፣ አዋርደውሃል፣ ስለ ማን ብለህ ነው የምትሄደው አልኩት። ጢሙን እየተላጨ ነበር።

“የሚልኩት ሕፃናት ነው” አለኝ። “በቀትር ሜዳ ላይ የሚያስወጣቸው ሰው አይጠፋም።”

ሄደ። ትከሻውን ተመትቶ ተመለሰ። አመሰገኑት፣ አሰናበቱት። የዘበኛነቱ ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል አሉት። የጀዊ የስደተኞች መጠለያ እስኪከፈት ድረስ ያገኘውን እየሠራ ኖረ፤ ከዚያም የእርዳታ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። ሽማግሌ ሆኖ፣ እያነከሰ፣ ጠመንጃ ሳይሆን ዱላ ይዞ።

እኔ ነርስ ሆንኩ። የዳሌው ራጅ ሲነሳ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ፍንጣሪው አጥንቱ ዙሪያ መግል ቋጥሯል። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለበት አለ። የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍኑለት ለመጠየቅ የጦር ጉዳተኞችን ጉዳይ ወደሚያይ ቢሮ ወሰድኩት። የተቀበለን ወጣት ትሑት ነበር፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠን፣ አባባ እያለ ታሪኩን ሁሉ ጠየቀ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

“የትከሻው በእኛ በኩል ይታያል። የዳሌው ግን የቀድሞው ሥርዓት ነው።”

“ትከሻው አያመውም” አልኩት። “የሚገድለው ዳሌው ነው።”

“ይገባኛል እህቴ። መመሪያ ሆኖብን ነው።”

“የቀድሞው ሥርዓት ቢሮው የት ነው? አድራሻውን ንገረንና እንሂድ።”

አባቴ እጅጌዬን ጎተተኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብተን እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ግማሽ ጎኔ የኢሕአዴግ፣ ግማሽ ጎኔ የደርግ፣ ስተኛ በየትኛው ልተኛ ይላል። ባለ ባጃጁም ሳቀ።  ይህ ሳቁ ነው ከሁሉም በላይ ያናደደኝ። አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ ቢመታ፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሳደብ፣ ንዴቱን ሁሉ ለእኔ ትቶልኝ ባልሄደ ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ሳናገኝ፣ ባሮ በሞላበት ክረምት የመግሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገባ። በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ስለዚህ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ግሉኮሱን የተከልኩለት እኔ ነኝ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አረፈ።

ለቀብሩ ባለሥልጣኖች መጡ። በሕይወቱ ደጁን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሳጥኑን ባንዲራ አለበሱ፣ ሜዳዩን አምጡ አሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተከሉ። አንዱ ተነስቶ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። በክብር ጡረታ ወጣ አለ። መንግሥትም እስከ ዕለተ ሞቱ በቅርብ ሲንከባከበው ኖረ አለ።

ተነሳሁ። ወንድሜ ነጠላዬን ያዘ፤ ነጠላው እጁ ላይ ቀረ። ድምፅ ማጉያውን ከሰውዬው እጅ ተቀበልኩት።

“አባቴ ጡረታ አልወጣም፣ ሁለት ጊዜ ተባረረ” አልኩ። “ማንም አልተንከባከበውም። የገደለው ዳሌው ነው፣ ዳሌው የማን እንደሆነ ደግሞ ቢሮአችሁ ነግሮናል። ባንዲራውን ተዉት፣ የእሱ ነው። እናንተ ግን ሂዱልን።”

ሴቶቹ ልቅሶአቸውን አቆሙ።  ያን ጊዜ ባለ ሬዲዮው ከሰዎቹ መሐል ወጣ። አርጅቷል፣ ቁመቱ ግን አልጎበጠም። ፕሮቴስታንት ስለሆነ የእኛን ሥርዓት አያውቀውም፤ ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ እጁን ሳጥኑ ላይ አኖረ።

“ይሄ ሻምበል ነው” አለ። “በቀን አላወጣንም። እኔ ልጅ አለኝ። የልጅ ልጅ አለኝ። በእሱ ነው።”

ቄሱ ፍትሐቱን ቀጠሉ። ባለሥልጣኖቹ አፈር ሳይለብስ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ዋጋውን ከፈልኩ። የበላይ አለቃዬ ጠርቶ አስጠነቀቀኝ፤ ይጠበቅ የነበረው የሥራ እድገቴም ቀረ። መቲ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለው ወንድሜ ቀብራችንን የፖለቲካ መድረክ አደረግሽው ብሎ ተቆጣኝ፤ እስከ ፋሲካ ስልኬን አላነሳም። አሁን እንነጋገራለን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና ለቀማ። ያንን ቀን አናነሳውም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቂም ይዘሽ አትቁረቢ፣ ይቅር በዪ ልጄ አሉኝ።

“ማንን አባቴ?” አልኳቸው። “ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም።”

መስቀላቸውን አሳለሙኝ።