ሳይመረቅ የቀረው ዝሆን

ሳን ሆዜ ውስጥ አራት ዓመት ያስታመምኳቸው ሽማግሌ ኔፓላዊ ነበሩ። ልጃቸው ቢሮ ሲውል እኔ ከኦክላንድ እየተመላለስኩ አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ። በአገራቸው አባትን «ባ» ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር።

አልጋቸው ፊት ለፊት የአንድ ስቱፓ ፎቶ ተሰቅሏል። ካትማንዱ ያለ፣ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ያበጠ ነጭ የቡድሃ መቅደስ ነው፤ ከላዩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተስለውበታል። እሳቸው የተወለዱት ከሥሩ ነው።

«ማን ሠራው?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ጥፍራቸውን እየቆረጥኩ።

«ዶሮ አርቢ ሴት» አሉኝ። «ድሃ ናት። አንድ ቆዳ የሚሸፍነውን ያህል መሬት ንጉሡን ለመነች። እሺ አላት። ቆዳውን እንደ ጠፍር ተልትላ ሰፊ መሬት ከበበችበት። መኳንንቱ ‹ትከልከል› ቢሉ ንጉሡ ‹አንዴ ከአፌ ወጥቷል› አለ። ሳትጨርሰው ሞተች፤ ልጆቿ ጨረሱት።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ማን ያውቃል? ሺህ ዓመት አልፎታል ይላሉ።»

ሥራው ሲያልቅ፣ አሉኝ፣ ልጆቿ ለደከመው ሁሉ ጸለዩ። ድንጋዩንና አፈሩን ሲያመላልስ የኖረውን ዝሆን ግን ረሱት። ዝሆኑ ተቆጣ። ዳግም ስወለድ ሃይማኖታችሁን አጠፋለሁ ብሎ ማለ፤ እንዳለውም ክፉ ንጉሥ ሆኖ ተወለደ።

«ለዚህች ብሎ?» ብዬ ሳቅሁ። «አበዛው፣ ባ!»

እሳቸው አልሳቁም። «አንቺ ገና ነሽ» አሉኝ።

ባለፈው ጥር እጄ ላይ አረፉ። በእነሱ ሥርዓት ሙት በሚታሰብበት በአርባ ዘጠነኛው ቀን ለጸሎታቸው ተጠርቼ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ልጃቸው ተነሥቶ አመሰገነ፤ ሐኪሙን፣ ጎረቤቶቹን፣ አበባ የላኩትን የሥራ ባልደረቦቹን፣ ምግቡን ያቀረበውን ምግብ ቤት ሳይቀር። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ተቀመጠ።

በዝሆኑ መሳቄ ያን ጊዜ አሳፈረኝ። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ልጃቸው መጣና ጎንበስ ብሎ «ሰው በዛ፣ ሳህኑን ብታግዢን?» አለኝ። ነጠላዬን አጣጥፌ አስቀመጥኩና አጠብኩ። አንድም አልሰበርኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለ። አማቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። «እንዳንቺ የሚሆን ሰው አጣን» አለኝ። ይህችን ቃል ያን ቀን ሰው ፊት ቢላት ምን ነበረበት? አልመጣም ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ከባ ወዲህ ሥራ አላገኘሁም ነበር።

«ሰኞ እመጣለሁ» አልኩት።

አሁንም እዚያው ነኝ። ሴትየዋ ደግ ናቸው፣ ማውራትም ይወዳሉ። እኔ ግን ስለ አገራቸው አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።