ኔቪል ያልደፋው የዓሣ ቆብ

ኔቪል ስታናርድ ሰኔንና ሐምሌን ሲያነበንብ ነው የከረመው። ቲማቲሙን ውሃ ሲያጠጣ ያነበንባል፤ ጢሙን ሲላጭ ያነበንባል፤ ገላውን ሲታጠብ በሩን ቆልፎ ያነበንባል። ጸሎት ቢሆን ደግ ነበር፤ ጸሎት ቢዘለልም እግዜር ያውቅለታል። እሱ ግን የሚያነበንበው የኳስ ተጫዋቾችን ስም ነው። ማን በረኛ ነው፣ ማን ከየት ወዴት ተዛወረ፣ የማን ጉልበት ተጎድቷል፣ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ማን ነው። ሚስቱ ፖሊን ቁርስ ላይ ዳቦ እየቀባች ትፈትነዋለች። ሲመልስ ፊቱ እንደ ልጅ ይበራል፤ የጠፋበት ቀን ግን እንቁላሉ ሳይነካ ይቀዘቅዛል።

ለባዳ ሰው ሲያወሩት ያስቃል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ለዚያውም ለጨዋታ! ግን ጨዋታ ያልሆነ ጨዋታ አለ።

በእንግሊዝ አገር፣ ግሪምዝቢ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ከዓሣ ወደቡ አጠገብ፣ የሞሪስ መጠጥ ቤት አለ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ሊጉ ሊጀመር አንድ ቅዳሜ ሲቀረው፣ አብረው ያደጉና አብረው ያረጁ ስምንት ጓደኛሞች ፎቁ ላይ ይሰበሰቡና የዓመቱን የፋንታሲ ቡድናቸውን ያዋቅራሉ። ፋንታሲ ዛሬ ሁሉም በየስልኩ የሚጫወተው፣ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጦ ሜዳ ላይ በሚያደርጉት ነጥብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው፤ የእነዚህ ሽማግሌዎች ግን የራሱ ሕግ አለው። አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። በየተራ ስም ይጠራል፤ የተጠራ ተወሰደ፣ አለቀ። ወረቀት ክልክል ነው። ስልክ ሁሉ ገና በሩ ላይ ባዶ የበረዶ ባልዲ ውስጥ ይገባል። የተጠራውን ስም ሞሪስ ብቻ ከፎቁ ትንሽ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ይጽፋል፣ ለማንም አያሳይም። ሌላው በጭንቅላቱ ይያዝ። ድሮ ወደቡ ላይ የዓሣ ሐራጅ ሲጮህ ወረቀት የሚያወጣ ገዢ መሳለቂያ ነበር፤ ልማዱም ከዚያው የመጣ ነው።

የተሳሳተ ወዮለት። የተወሰደ ተጫዋች፣ ወይ ሊጉ ውስጥ የሌለ ተጫዋች መጀመሪያ የጠራ ሰው፣ የዓሣው ቆብ ይደፋበታል። ቆቡን የሠራችው የክላይቭ እናት ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። በሮዝና በግራጫ ክር የተሠራ፣ አፉን የከፈተ፣ ጅራቱ ማጅራት ላይ የሚንጠለጠል አስቀያሚ ዓሣ ነው። የደፋው ሰው በዚያው ቆብ ታች ወርዶ ለሁሉም ቢራ ያመጣል፣ በዚያው ቆብ ከተማውን አቋርጦ ቤቱ ይገባል፣ ዓመቱን ሙሉም ቆቡ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ነሐሴ ደግሞ ራሱ ባለቆቡ በገዛ እጁ ይዞት ይመጣል። በሰው መላክ የለም፤ ይህም ሕግ ነው።

ቆቡን ያልደፋ የለም። ክላይቭማ ስንት ጊዜ እንደደፋው ራሱም አያውቀው። አንድ ኔቪል ብቻ ደፍቶት አያውቅም። ወጣት ሳለ የሐራጅ ጠሪ ነበር፤ የስንቱን መርከብ ጭነት በቃሉ ይዞ ይውል የነበረ ሰው ነው። "መዝገቡ" ነው የሚሉት። የልጆቻቸውን ልደት የሚያስታውስላቸው እሱ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ማን ማንን በስንት አሸነፈ ብለው ሲጨቃጨቁ የሚዳኛቸው እሱ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። በፀደይ ፖሊን ሐኪም ቤት ወሰደችው። መኪናውን የት እንዳቆመ የጠፋው ቀን አልነበረም የወሰደችው፣ ያ ማንንም ያጋጥማል። የእህቱን ስም የጠየቃት ቀን ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ጭንቅላቱን በፎቶ አይታ በለስላሳ ድምፅ የበሽታውን ስም ነገረችው። ኔቪል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፦ "እስከ ነሐሴ ይቆየኛል?" ሐኪሟ ነገሩ አልገባትም። ፖሊን ገብቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለማንም እንዳትናገር አስማላት። አፍሮ አይደለም። የሌኒ ነገር ነው። ሌኒ ዘጠነኛው ጓደኛቸው ነበር፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረጋና ግማሽ ጎኑ ሰነፈ። ክፉ አልሆኑበትም፣ ኧረ ደግ ነበሩ! ደግነታቸው ነው የፈጀው። እንደ ሕፃን ቀስ ብለው እየጮኹ ያወሩት ጀመር። ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። የሚሰድበው ጠፋ፣ የሚያሾፍበት ጠፋ። ተሳስቶ ስም ቢጠራ "ግድ የለም፣ ሌኒ" ብለው አለፉት፤ ቆቡን ማንም አላነሳም። በዓመቱ ወደ ሞሪስ ቤት የሚጠራውም ጠፋ። ኔቪል ራሱ ነበር አንድ ቀን "ሌኒን እንኳ አናድክመው" ያለው። ሌኒ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ኔቪል ግን የሞተው መቼ እንደሆነ ያውቃል። ቆቡን የከለከሉት ቀን ነው።

ስለዚህ ያ ቅዳሜ ለኔቪል ፈተና ነበር። ካለፈ አንድ ዓመት አገኘ፤ ከወደቀ ደግ ይሆኑበታል።

ፎቁን ሲወጣ ስሞቹን ያነበንብ ነበር። ክላይቭ እንደ ልማዱ ከደረጃው አናት ላይ ጠበቀው። አጭር፣ ራሰ በራ፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ሰውዬ ነው፤ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ ነው የኖረው። "መዝገቡ መጣ! ምነው ከሳህ ጃል፣ ፖሊን ምግብ ከለከለችህ እንዴ?" አለው። ኔቪል ያንተን ወጥ ከምበላ ጦም ባድር ይሻለኛል ሲለው ሁሉም ሳቁ። የኔቪል ልብ ትንሽ መለስ አለች። ይኸው፣ አለሁ፣ ማን ምን ያውቃል አለ በልቡ።

የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ሌሎቹ የተጠራው ሲምታታባቸው እሱ አንድ ጎበዝ የመስመር ተመላላሽ መዞ አወጣና ክላይቭ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ እሱም ያንኑ ልጅ ደብቆ ይዞት ነበር። ኔቪል ፈገግ ብሎ ቢራውን ጎንጨት አለ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከወደቡ የባሕር ወፍ ይጮሃል፤ የዓሣውና የናፍጣው ሽታ ይገባል። ያ ሽታ ነው የገደለው። እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ብቻ ተራው ደርሶ ሁሉም ሲያዩት፣ ስሙ ያለምንም ጭንቀት ተንሸራቶ ወጣ።

"ኬኒ ማርፍሊት" አለ። "አጥቂ። ዘንድሮ በሁለቱም እግሩ ነው የሚመታው፣ ታዩታላችሁ።"

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ኬኒ ማርፍሊት የከተማቸው ክለብ አጥቂ ነበር፣ እነሱ ልጆች ሳሉ፣ አጥር ዘለው ስታዲየም በሚገቡበት ዘመን። ከሞተ ቆይቷል። ቀብሩ ላይ ሁሉም ነበሩ፤ አበባውን ያስቀመጠው ኔቪል ነው። የሳቀው ሰውዬ ኔቪል አብሮ እስኪስቅ ጠበቀ። ኔቪል አልሳቀም። በሙሉ ልቡ፣ እንደ ድሮው ሐራጅ ጠሪ ደረቱን ነፍቶ፣ ሞሪስ እስኪጽፍለት ይጠብቃል። ሳቁ እዚያው ደረቀ።

አንዱ ብርጭቆውን ያይ ጀመር፣ አንዱ ጫማውን። ክላይቭ ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጣቸው።

"ጻፍኩልህ፣ ኔቭ" አለ ሞሪስ በለስላሳ ድምፅ። "ጥሩ ምርጫ ነው።"

ኔቪል ያኔ ነቃ። ሞሪስ በዕድሜው ጥሩ ምርጫ ነው ብሎት አያውቅም። በዚህ ክፍል ጥሩ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ስድብ ነው ያለው። ዓይኖቻቸውን አየ፣ ከዚያ የጠራው ስም ዘግይቶ ወደ ራሱ ጆሮ ደረሰ። ኬኒ። አበባው። የቀብሩ ቀን ዝናብ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ቀጣዩ ተረኛ ቶሎ ብሎ፣ ነገሩን ለመሸፈን፣ የአንድ በረኛ ስም ጠራ። ጨዋታው ቀጠለ። እንደ ሌኒ፣ ልክ እንደ ሌኒ።

"ቆቡስ?" አለ ኔቪል።

"ተወው ባክህ፣ ምን ቆብ አስፈለገ" አለ ሞሪስ። "ሁላችንም እንሳሳታለን። ሻይ ላፍላልህ?"

ሻይ! በመጠጥ ቤት፣ በዚህ ቀን፣ ሻይ። ኔቪል ከወንበሩ ተነሳ። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር። ታምሜያለሁ፣ አዎ፣ ስሙም ይህ ነው፣ እያለቅሁ ነው፣ ግን ገና እዚህ ነኝ፣ ሊል ፈለገ። የወጣው ሌላ ነው።

"ሌኒን እንዳደረግነው ልታደርጉኝ ነው?" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "ሕግ ሕግ ነው። ሊጉ ውስጥ የሌለ፣ የሞተ ሰው ጠርቻለሁ። እባካችሁ፣ ሳቁብኝ። ለምኛችኋለሁ፣ ሳቁብኝ።"

ማንም አልሳቀም። እንዴት ይሳቅ። ሞሪስ እስክሪብቶውን ይዞ ደርቆ ቀረ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ኔቪል ወደ በሩ አየ። ኮቱን ለብሶ ሊወጣና ያችን ደረጃ ዳግም ላይወጣት ትንሽ ነበር የቀረው።

ክላይቭ ከመስኮቱ ዞረ። ፊቱ ቀልቷል። ወንበሩ ሥር ካስቀመጠው ፌስታል አምና እሱ ደፍቶት የነበረውን የእናቱን ቆብ መዥርጦ አወጣና፣ ቁመቱ ከኔቪል አንገት የማይደርስ ሰው፣ ወንበር ላይ ቆመ። ቆቡን በኔቪል ራስ ላይ ጆሮው እስኪሸፈን ድረስ ደፍቆ ደፋበት።

"አንተ ደደብ!" አለ። "ስንት ዓመት ነው ይችን ቀን የጠበቅኋት! መዝገቡ፣ መዝገቡ እያልን ስንፈራህ ኖርን፣ ለካ የቀብር ቦታ መዝገብ ኖረሃል! ሬሳ በአጥቂ መስመር የሚያሰልፍ አሠልጣኝ በዓለም ታይቶ ይታወቃል? እናንተ ምን ትተክዛላችሁ? ይሄ ሰውዬ ተንኮለኛ ነው፤ ኬኒ እንደሆነ ከእንግዲህ ጉዳት አይደርስበት፣ ቀይ ካርድ አያይ!"

ስድቡን ሲጨርስ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ጨረሰው። አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሞከረ፣ አልቻለም፤ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም። ሞሪስ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ የሚስቀውና የሚያለቅሰው የማይለይበት ሳቅ ነበር። ኔቪል መሐላቸው ቆሞ፣ የዓሣው ጅራት ማጅራቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። በዚያው ቆብ ታች ወርዶ ቢራ ቀድቶ መጣ፤ ግማሹን ደረጃው ላይ ደፋው፣ ለእሱም ሰደቡት። ማን ማን ተወስዷል ብሎ ሲጠይቅ ክላይቭ፣ "ከጭንቅላትህ ነው ሕጉ፣ ፈልገው" አለው። ፈለገ። አንዳንዱን አገኘ፣ አንዳንዱን አላገኘም። ከቡድኑ ግማሹ በሕይወት የሌለ፣ ከቀሪውም ብዙው የሌላ ሰው ሆነ። እያንዳንዱን ስም እየጮኹ አበሻቀጡበት፣ ሞሪስም እያንዳንዱን ጻፈለት።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ክላይቭ አብሮት ወጣ። ከተማው ሲስቅብህ ማየት እፈልጋለሁ ነው ያለው። ኔቪል መንገዱ እንዳይጠፋው መሆኑ ገባው። ልጆች ከአውቶቡስ ፌርማታ ጮኹበት፣ አንድ ባለታክሲ ጥሩምባ ነፋ። ቤቱ በር ሲደርሱ ክላይቭ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ።

"የዛሬ ዓመት ራስህ ነህ ይዘኸው የምትመጣው" አለ። "በፖሊን መላክ የለም።"

ኔቪል ማልሁ ሊል አፉን ከፈተ። ቃል ሰጥቶ የማያጥፍ ሰው ነበር፤ አሁን ግን የዛሬ ዓመት ቃሉን የሚጠብቀው ኔቪል ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አያውቅም። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ክላይቭ ጀርባውን ሰጥቶ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ሄደ።

ፖሊን በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ቆቡን ነው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። የቆቡን ሕግ ታውቃለች፤ ያ ዓሣ ምን እንደተፈጠረና ምን እንዳልተፈጠረ ባንድ ጊዜ ነገራት።

"ማን ደፋልህ?"

"ክላይቭ።"

"ሳቁ?"

"እስኪያለቅሱ።"

ቆቡን አውልቃ በሩ አጠገብ፣ ቁልፉ ከሚንጠለጠልበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ኔቪል ኮቱን እንደለበሰ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጇን ያዘ።

"ነሐሴ ሲመጣ፣ ይሄ አስቀያሚ ነገር የማን ነው ብዬ ብጠይቅሽ አታስረጂኝ" አላት። "ያንተ ነው በይኝ። ራሴ ላይ ድፊልኝና እስከ ሞሪስ በር አድርሺኝ፤ አንቺ አትግቢ። የቀረውን እነሱ እየሰደቡ ይነግሩኛል።"

"እሺ" አለች ፖሊን። እራት ልታሞቅ ወደ ጓዳ ገባች።